ነበር፣ ዩዝድ ቱ እና የካርል ክራባት

«አይ ዋዝ ፕሌይ ፉትቦል ኤቭሪ ደይ።» ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ደብተር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዳሰመርኩባት እኔ ነኝ የማውቀው። ከጀማሪ ክፍል ጀምሮ ኢንተርሚዲየት እስኪደርሱ ድረስ አትለቃቸውም፣ አንዳንዴ «አይ ዋዝ ጎ» ሆና ትመጣለች፣ አንዳንዴ «ሺ ዋዝ ሊቭ»፣ ዛሬ አስተካክለናት ብለን ከክፍል እንወጣና በሳምንቱ ሌላ ልብስ ለብሳ ትመለሳለች።

እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን ግድየለሽነት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እንደውም ተማሪው በጣም ተጠንቅቆ እየተረጎመ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ «እጫወት ነበር» የሚል አለ፣ «እጫወት» ፕሌይ ነው፣ «ነበር» ደሞ ዋዝ ነው ብሎ ተምሯል፣ ሁለቱን ሲገጥማቸው ዋዝ ፕሌይ ይወጣል። አካሄዱ ልክ ነው፣ ግን እንግሊዝኛ ያለፈ ልማድን በዛ መንገድ አይገጣጥምም፣ «አይ ዩዝድ ቱ ፕሌይ» ነው የሚለው። ይሄን ከገባኝ በኋላ ቀይ እስክሪብቶውን ትንሽ አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም የሚታረም ስህተት ሳይሆን የሚታይ ነገር ነው የጎደላቸው።

ለረጅም ጊዜ የማስተምረው በሰንጠረዥ ነበር። ዩዝድ ቱ ሲደመር ግስ፣ ዉድ ሲደመር ግስ (ሁለቱም ያለፈ ልማድ ይነግራሉ)፣ ፓስት ሲምፕል (ተራው ያለፈ ጊዜ፣ ሆነና አለቀ የሚለው)፣ ከዛ ባዶ ቦታ ሙሉ። ይሞላሉ፣ አስር ከአስር ያመጣሉ፣ ደስ ብሎኝ «እሺ አሁን ስለ ልጅነታችሁ አውሩኝ» ስላቸው ግን መጀመሪያ የምትወጣው አሁንም ዋዝ ፕሌይ ናት። ሰንጠረዡ ፈተና ያሳልፋል እንጂ አፍ ላይ አይደርስም። ለምን አይደርስም ብዬ ሳስበው ቆየሁና አንድ ነገር ተገለጠልኝ፦ ልማድ ማለት መደጋገም ነው፣ መደጋገም ደሞ ሰሌዳ ላይ አንዴ ተጽፎ አይታይም። መደጋገምን አሳምሮ የሚያሳይ አንድ ነገር አውቃለሁ፣ እሱም ፊልም ነው።

ፊልም ሰሪዎች ሞንታዥ የሚሉት ነገር አለ፣ ሁላችሁም አይታችሁታል ስሙን ባታውቁትም። አንድ ቦታ፣ አንድ ድርጊት፣ ልብሱ ብቻ ይቀያየራል፣ ወቅቱ ይቀያየራል፣ ፀጉሩ ይሸብታል። ማንም «ይሄ በየቀኑ ይሆን ነበር» ብሎ ሳይነግረን በየቀኑ እንደነበር ይገባናል። ከዛ ሙዚቃው ይቆምና አንድ ትዕይንት በረጅሙ ይመጣል፣ ያኔ ደሞ ይሄ አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ነው ብለን ወንበራችን ላይ እንስተካከላለን። ይሄ ልዩነት ነው በቃ የዩዝድ ቱ፣ የዉድ እና የፓስት ሲምፕል ልዩነት! ዤራር ዤኔት የሚባለው ፈረንሳዊ የትረካ ተመራማሪ በ1972 እ.ኤ.አ. ለዚህ ስም ሰጥቶታል፣ ብዙ ጊዜ የሆነን ነገር አንዴ መናገርን ኢተሬቲቭ ይለዋል፣ አንዴ የሆነን አንዴ ከመናገር ለይቶ። ተማሪዎቼ ስሙን ማወቅ የለባቸውም፣ እኔ ግን ሳነበው «እንዴ፣ ይሄማ የኔ ክፍል ነው» አልኩ።

ከሁሉም ክሊፕ አብልጬ የምጠቀመው እ.ኤ.አ. የ2009ኙን የፒክሳር ፊልም ነው፣ አፕ ይባላል። መጀመሪያው አካባቢ ካርል የሚባለው ሰውና ሚስቱ ኤሊ ከተጋቡ በኋላ ያለውን ሕይወታቸውን አራት ደቂቃ ገደማ ያሳየናል፣ አንድም ንግግር የለውም፣ ሙዚቃ ብቻ። ንግግር አለመኖሩ ለአስተማሪ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ምክንያቱም ተማሪው የሚኮርጀው ዓረፍተ ነገር የለም፣ ቋንቋውን ራሱ ማምጣት አለበት። ኮረብታ ላይ ይወጣሉ፣ ጋደም ብለው ደመና ያያሉ። ለጉዞ ሳንቲም የሚያጠራቅሙበት ጠርሙስ አላቸው። እሷ ክራባቱን ታስርለታለች፣ ሌላ ክራባት፣ ሌላ ክራባት፣ ሌላ፣ እየፈጠነ እየፈጠነ ይሄድና ድንገት ሁለቱም አርጅተዋል።

መጀመሪያ ስናየው ምንም አላስጽፍም። ዝም ብለን እናያለን። ሁለተኛ ጊዜ ስናይ ወረቀት ለሁለት አስከፍላቸዋለሁ፣ በአንድ በኩል ደጋግሞ የሆነ፣ በሌላው በኩል አንዴ የሆነ፣ በግስ ብቻ። እንግሊዝኛ ካልመጣላቸው በአማርኛ ይጻፉት፣ ችግር የለም። ክራባቱ የት ይግባ ብዬ ስጠይቅ ማንም አይከራከርም፣ ደጋግሞ ነው። «ሺ ዉድ ታይ ሂዝ ታይ ኤቭሪ ሞርኒንግ።» ኮረብታው? እሱም። ጠርሙሱ ጋ ስንደርስ ግን ክፍሉ ይንጫጫል፣ እኔም የምጠብቀው እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ ሊሞላ ሲል የመኪናቸው ጎማ ይበላሻል፣ ጠርሙሱን ይሰብሩታል። እንደገና ያጠራቅማሉ፣ እሱ እግሩን ይጎዳል፣ ይሰብሩታል። እንደገና፣ ዛፍ ጣራቸው ላይ ይወድቃል፣ ይሰብሩታል። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ «ቲቸር ይሄ ልማድ አይደለም፣ ጎማው አንዴ ነው የፈነዳው፣ ዛፉም አንዴ ነው የወደቀው» አለች። ጎኗ ያለው ልጅ ደሞ «መስበሩ ግን ሶስቴ ነው፣ ችግር በመጣ ቁጥር ይሰብሩት ነበር» ይላል። ከኋላ የሚቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ቀስ ብለው እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንዴት እንደምትነግሩን ነው የሚወስነው» አሉ። ሰሌዳው ላይ ልጽፍ ያሰብኩትን ነው የተናገሩት!

ልክ እንደዛው ነው። ጎማው፣ እግሩ፣ ዛፉ እያንዳንዳቸው ፓስት ሲምፕል ናቸው፣ «ኤ ትሪ ፌል ኦን ዘ ሩፍ»፣ አለቀ። ሶስቱን ጠቅልለህ «ችግር በመጣ ቁጥር» ካልክ ግን «ዌንኤቨር ሰምቲንግ ዌንት ሮንግ፣ ዜይ ዉድ ብሬክ ዘ ጃር» ይሆናል። ያየነው አንድ ፊልም ነው፣ የሚነገርበት መንገድ ሁለት ነው። ሰዋስው ማለት ሕግ ብቻ ሳይሆን የተናጋሪው ምርጫ እንደሆነ በሰንጠረዥ አስረዳ ብትሉኝ አልችልም፣ በዛ ጠርሙስ ግን አስር ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዉድ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር ያለው እዛ ነው። መጽሐፎቹ ብዙ ጊዜ «ዩዝድ ቱ እና ዉድ ያለፈ ልማድ ያሳያሉ» ብለው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፣ ተማሪው ደሞ እንደፈለገ የሚቀያይራቸው መንትዮች ይመስሉታል። አይደሉም። ዉድ ብቻውን በር ከፍቶ አይገባም። ማንም ምንም ሳይል ድንገት «አይ ዉድ ዎክ ቱ ስኩል» ብትል ሰሚው «እሄድ ነበር፣ ግን ምን?» ብሎ ይጠብቅሃል፣ አንድ «ቢሆን ኖሮ» የቀረ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጊዜውን ማስቀመጥ አለብህ፣ ወይ በዩዝድ ቱ ወይ «ዌን አይ ዋዝ ኤ ቻይልድ» ብለህ፣ ከዛ በኋላ ዉድ እየተከታተለ ይመጣል። ፊልሙም እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ መጀመሪያ ቤቱን ከሩቅ ያሳይሃል፣ የት እንዳለህና መቼ እንደሆነ ታውቃለህ፣ ከዛ ነው ትናንሾቹ ትዕይንቶች የሚከታተሉት። ሰፊው ሾት ዩዝድ ቱ ነው፣ ክራባቱ ዉድ ነው ብዬ ነው የማስተምረው፣ ይሄን አንዴ የሰማ ተማሪ አይረሳውም።

ደሞ እዚህ ጋ አማርኛችን እንዴት እንደሚያግዘን ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ሳስተውለው ዓመታት ፈጅቶብኛል። «ገንዘብ ቢኖረኝ መኪና እገዛ ነበር» እንላለን። «ልጅ እያለሁ ሁሌ ቅዳሜ መጽሐፍ እገዛ ነበር»ም እንላለን። ያው «እገዛ ነበር» ነው! አንዱ ያልሆነ ምኞት ነው፣ አንዱ በርግጥ የሆነ ልማድ ነው፣ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግን አይምታታበትም፣ ምክንያቱም «ቢኖረኝ» እና «ልጅ እያለሁ» የሚሉት ቀድመው መንገዱን አሳይተውታል። የእንግሊዝኛው ዉድም ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ እሱንም የሚለየው ከፊቱ የመጣው ነገር ነው። ማለትም ተማሪዎቻችን የዉድን ባህሪ ሳያውቁት ያውቁታል። ይሄን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስጽፈው ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን «አአአ» ብታዩት ደስ ይላችኋል፣ እስከዛ ቀን ድረስ አማርኛችሁን እርሱት፣ በእንግሊዝኛ አስቡ ሲባሉ ነው የኖሩት።

የሚያሳስተን ሌላኛው ጫፍ ነው። የኛ «ነበር» ለድርጊትም ለሁኔታም ይሠራል፣ «እሮጥ ነበር»ም «እወድ ነበር»ም «አውቃት ነበር»ም እንላለን። ዩዝድ ቱም ሁለቱንም ይችላል። ዉድ ግን ድርጊት ብቻ ነው የሚወደው። ጋሼ አንድ ቀን «አይ ዉድ ሃቭ ኤ ቢግ ሃውስ» አሉ፣ ድሮ ትልቅ ቤት ነበረኝ ለማለት፣ እንግሊዝኛው ጆሮ የሚሰማው ግን ትልቅ ቤት በኖረኝ የሚል ምኞት ነው። የነበራቸውን ቤት ምኞት አደረገባቸው፣ ሳስረዳቸው እሳቸውም ትክዝ አሉ፣ እኔም ከዛ ቀን በኋላ ይሄን ስህተት ቀላል ስህተት ነው ብዬ አላልፈውም።

ለዚህ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «ስንቴ?» ድርጊቱን ስንቴ ብለህ መጠየቅ ከቻልክ ዉድ ይሆናል። ክራባቱን ስንቴ አሰረችለት? ይጠየቃል። ኮረብታው ላይ ስንቴ ወጡ? ይጠየቃል። ስንቴ ቤት ነበረህ? ስንቴ ታውቃት ነበር? አያስኬድም፣ ስለዚህ ዩዝድ ቱ ወይ ፓስት ሲምፕል። በካሜራ ካሰባችሁትም ያው ነው፣ ክራባት ማሰርን አስር ጊዜ ቆራርጠህ መቅረጽ ትችላለህ፣ «ማወቅ»ን ግን የት ጋ ትቆርጠዋለህ? አንድ ረጅም ሾት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው ግን። ስንቴ ተብሎ መጠየቅ መቻል አለበት እንጂ በቁጥር ከተመለሰ ነገሩ ይገለበጣል። ሶስቴ ሄድኩ ካልክ «አይ ዌንት ዜር ስሪ ታይምስ» ነው፣ ዩዝድ ቱም ዉድም አይገቡም። አምስት ዓመት ኖርኩ ካልክም «አይ ሊቭድ ዜር ፎር ፋይቭ ይርስ» ነው። የተቆጠረ፣ የተለካ፣ የተዘጋ ነገር የፓስት ሲምፕል ነው። ይሄን ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችም ይስቱታል፣ ምክንያቱም ድሮ፣ ረጅም ጊዜ የሚል ሲያዩ እጃቸው በቀጥታ ወደ ዩዝድ ቱ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛ የማሳየው ክሊፕ ሲቲዝን ኬን ከሚባለው እ.ኤ.አ. የ1941 ፊልም ነው፣ ኦርሰን ዌልስ ራሱ ሠርቶ ራሱ የተወነበት። ባልና ሚስት ቁርስ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ቅርብ ለቅርብ ተቀምጠው በፍቅር ያወራሉ፣ ከዛ ቁርስ በቁርስ ዓመታቱ እየሄዱ ቃላቸው እየሻከረ ይመጣና መጨረሻ ላይ ጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ ሆነው ዝም ይላሉ፣ እሷ ጭራሽ የባሏ ጋዜጣ ተፎካካሪ የሆነውን ጋዜጣ ይዛ ታነባለች። ብዙ አስተማሪ ሞንታዥ ነው ብሎ ይሄንንም ለዉድ ሊያውለው ይችላል፣ እኔ አልስማማም። እዚህ ውስጥ ምንም ነገር አይደጋገምም፣ እያንዳንዱ ቁርስ ካለፈው የባሰ ነው። ይሄ ክሊፕ የሚያሳየው «ድሮ ነበር፣ አሁን የለም» የሚለውን ነው፣ እሱ ደሞ ዩዝድ ቱ ብቻ አጥብቆ የሚይዘው ትርጉም ነው። መጨረሻው ሾት ላይ ፖዝ አድርጌ «ስለ ድሮው ንገሩኝ» እላለሁ፣ «ዜይ ዩዝድ ቱ ቶክ፣ ዜይ ዩዝድ ቱ ሲት ክሎዝ» ይመጣል። አሉታዊውም ራሱ ይመጣል፣ «ሺ ዲድንት ዩዝ ቱ ሪድ ዛት ኒውስፔፐር»። ሲጽፉት ዲድ ካለ ዩዝ ላይ ያለችው ዲ እንደምትወድቅ እነግራቸዋለሁ፣ ያለፈውን ጊዜ ዲድ ተሸክሞታልና። ሲነገር ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ ጆሮ እዚህ ጋ አይረዳም፣ ዓይን ነው የሚረዳው።

ስለ ድምፅ ካነሳን አይቀር፣ እኛ ዩዝድ ቱ እያልን ቃል በቃል እንጠራዋለን፣ የቋንቋው ባለቤቶች ግን ልማድ ሲሆን «ዩስተ» ነው የሚሉት፣ ዝ ወደ ስ ይለወጣል፣ ድ ትዋጣለች። ቢላ ለመቁረጥ ያገለግላል ለማለት «ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት» ሲሉ ነው ዝና ድ በደንብ የሚሰሙት። ተማሪ ይሄን ካላወቀ ፊልም ውስጥ አስር ጊዜ ቢባልም አንዱንም አይሰማም። ዉድማ ጭራሽ አንዲት «ድ» ሆና ነው የምትቀረው፣ አይድ፣ ሺድ፣ ዜይድ። ለዚህ ንግግር ያለው ክሊፕ ያስፈልጋል፣ አንድ ሰው ልጅነቱን እየተረከ ከኋላ ድምፁ ብቻ የሚሰማበት ዓይነት። ሰላሳ ሰከንድ ይበቃል። ሰብታይትሉን አጥፍቼ ድ በሰሙ ቁጥር ጠረጴዛ መታ እንዲያደርጉ አደርጋለሁ፣ መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ይመታል፣ ሶስተኛ ዙር ላይ ክፍሉ በሙሉ አንድ ላይ ነው። ከዛ ሰብታይትሉን እከፍተዋለሁ። ድ ሃድም ልትሆን ስለምትችል ቀጥሎ ያለውን ግስ እንዲያዩ ነው የምነግራቸው፣ «ሺድ ጎ» ዉድ ነው፣ «ሺድ ጎን» ሃድ ነው።

«አይ አም ዩዝድ ቱ» የሚለውን እዛው ቀን አላስተምርም። እሱ «ለምጃለሁ» ነው፣ ለኛ ሌላ ቃል ነው፣ ሌላ ቀን ይምጣ። አንድ ላይ ሲቀርቡ ነው የሚጋጩት።

ይሄን ልትሞክሩ ለምታስቡ አስተማሪዎች አንድ የልቤን ልንገራችሁ። የአፕ ክሊፕ ቀልድ አይደለም። መሃሉ ላይ ልጅ የማጣት ሀዘን አለ፣ መጨረሻው ላይ ሞት አለ። መጀመሪያ ያሳየሁ ቀን እስከ ጥግ ለቀቅኩት፣ አንዲት ተማሪ ተነስታ ወጣች፣ ተከትያት ስወጣ እናቷን በቅርብ እንዳጣች ነገረችኝ። እኔ ግስ ነበር የማስበው። አሁን ክላስ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚያዩ እነግራቸዋለሁ፣ ማየት ያልፈለገ ውጪ መቆየት ይችላል፣ ክራባቱ ካለቀ በኋላም ወዲያው አቆማለሁ። ለሰዋስው የምፈልገው ሁሉ እስከዛ ድረስ አለ። ሌላው የቴክኒክ ነገር ነው፣ ክሊፑ ላፕቶፓችሁ ላይ ይጫን፣ ኢንተርኔት አትመኑ፣ ስፒከሩን ቀድማችሁ ሞክሩ። ሙሉ ፊልም ደሞ አታሳዩ፣ ሁለት ሰዓት ካዩ በኋላ የሚያስታውሱት ታሪኩን እንጂ ግሱን አይደለም። አጭር ይሁን፣ ሶስቴ ይታይ።

መጨረሻ ላይ ክሊፑ ተዘግቶ የራሳቸውን ይቀርጻሉ፣ በወረቀት ማለቴ ነው። አንድ ሰፊ ሾት በዩዝድ ቱ፣ ሁለት ሶስት የሚደጋገም ነገር በዉድ፣ ከዛ ሙዚቃው ቆመ ብላችሁ አስቡና «ዋን ደይ» በሉ። ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ያቺ ጎማው አንዴ ነው የፈነዳው ያለችው ልጅ ስለ እህቷ ጻፈች። «ማይ ሲስተር ዩዝድ ቱ ስተዲ አት ናይት። ሺ ዉድ ከቨር ዘ ላምፕ ዊዝ ኸር ስካርፍ ሶ አይ ኩድ ስሊፕ። ዋን ናይት አይ ዎክ አፕ ኤንድ ዘ ላይት ዋዝ ብራይት። ሺ ዋዝ አስሊፕ ኦን ኸር ቡክ። አይ ቱክ ዘ ስካርፍ ኤንድ ከቨርድ ዘ ላምፕ።» ስታነበው ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነው የሰማት። ወረቀቱን ተቀብዬ ቤት ሄጄ ሳየው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ የላጲስ ምልክት አለ፣ ወረቀቱ ትንሽ ሳስቷል፣ መብራት ላይ ከፍ አድርጌ ሳየው ከዉድ ሥር «ዋዝ ከቨር» የሚል ይነበባል። ራሷ ናት ያጠፋችው።